በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ድንጋዮች ውስጥ ስለሚታዩ ጥቃቅን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪተ አካላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው ተራራ ጥግ የሚወጣውን የኖራ ድንጋይ በቅርብ ያየ ሰው፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ጠመዝማዛ ቅርጾች ፊቱ ላይ ተለጥፈው ሊያገኝ ይችላል። ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎችና ድንጋይ ጠራቢዎች ስለእነዚህ ቅርጾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ተሰብስበዋል። ትልቁ ክፍል የተሰጠው ለምደባ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጸመውም እዚያው ላይ ነውና።

ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ከየት መጣ?

ድንጋዩ ራሱ የባሕር ወለል ስለነበረ ነው። ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዘለቀው የጁራሲክ ዘመን ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ዛሬ ኦጋዴን ከምንለው አቅጣጫ፣ ወደ ውስጥ እየገፋ ሐረርጌን አልፎ እስከ ትግራይ ድረስ ደርሶ ነበር። ባሕሩ ከመምጣቱ በፊትና በመምጫው ወቅት የተከመረው አሸዋ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በመባል የሚታወቀውን ንጣፍ ሠራ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የኖሩ ፍጥረታት ዛጎልና የኖራ ጭቃ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየተደራረበ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ሲሸሽ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ በላዩ ተነጠፈ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ከእሳተ ገሞራ የወጣው ባዛልት ሁሉንም አለበሰው።

ይህ ሁሉ ተቀብሮ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን አካባቢው ከፍ እያለ ሲሄድና የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሲሰነጠቅ ንጣፎቹ በስንጥቁ ተቆርጠው ጎናቸው ተገለጠ። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነስቶ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር የሚጓዝ ሰው በአንድ መንገድ ላይ በዕድሜ እጅግ የሚራራቁ ድንጋዮችን የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የሚፈለጉት ከእነዚህ መካከል በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ብቻ ነው፤ በጥቁሩ ባዛልት ላይ የሚታይ ክብ ቀዳዳ የጋዝ አረፋ ቦታ እንጂ ዛጎል አይደለም።

ያየሁት ነገር በእርግጥ ቀንድ አውጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጠመዝማዛ የሆነ ሁሉ ቀንድ አውጣ አይደለም። በተመሳሳይ ድንጋይ ውስጥ ቢያንስ ሦስት አሳሳቾች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱም ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ አሞናይት የሚባሉት የጠፉ የባሕር እንስሳት፣ እና አንዳንድ የባሕር ትሎች የሚሠሩት የኖራ ቱቦ ናቸው። መለያው ውስጡ ነው። የቀንድ አውጣ ዛጎል ከጫፍ እስከ አፍ ድረስ እየሰፋ የሚሄድ አንድ ያልተከፋፈለ ቱቦ ሲሆን፣ የፎራሚኒፌራና የአሞናይት ዛጎል ግን በውስጥ ግድግዳዎች ወደ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አሮጌውን የጫፍ ክፍል በግድግዳ ይዘጉታል፤ ያ ግን ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚታይ ነው፣ ቱቦውን በሙሉ በተስተካከለ ርቀት አይከፋፍለውም። የትል ቱቦ ደግሞ አንዱ ጎኑ ተለጥፎበት በነበረው ዛጎል ወይም ድንጋይ ልክ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥምዝምዙም ወጥነት ይጎድለዋል።

እንዲህ ያለውን ለማየት ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። በዓይን ብቻ መፍረድ ግን አይመከርም።

በድሬዳዋ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የማገኛቸው ነጫጭ ዛጎሎችስ?

አብዛኞቹ ቅሪተ አካል አይደሉም። ቀላል፣ ባዶ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰበር፣ አንዳንዴም ቀለሙ ያልጠፋ ዛጎል በየብስ ወይም በጨው አልባ ውኃ የሚኖር የዘመናችን ቀንድ አውጣ ነው፤ ጎርፍ ሰብስቦ ያመጣዋል። ቅሪተ አካሉ ግን በድንጋይ የተሞላ፣ ከባድ፣ ብዙውን ጊዜም ከአካባቢው ድንጋይ ጋር የተጣበቀ ነው። ጎርፍ ያመጣው ጠጠር ውስጥ እውነተኛ ቅሪተ አካል ቢገኝ እንኳ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ስለማይታወቅ ለጥናት ያለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የአካባቢው ነገሮች ስለሚምታቱ መለየት ይገባል። ከድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ንጣፍ ውስጥ ከ400 በላይ ቀዳዳ ያላቸው የቀንድ አውጣ ክዳኖች፣ ማለትም እንስሳው ወደ ዛጎሉ ሲገባ አፉን የሚዘጋባቸው፣ ተገኝተዋል፤ እነዚህ በየብስ የሚኖር ቀንድ አውጣ ክዳኖች ሲሆኑ፣ አጥኚዎቹ ለጌጥ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ጽፈዋል። ዋሻው የተፈለፈለበት የኖራ ድንጋይ የባሕር ሥራ ነው፤ ክዳኖቹ ግን ድንጋዩ ከተፈጠረ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ሰው ወደ ዋሻው ያስገባቸው ናቸው። እንዲሁም በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ጥንታዊት ከተማ በሐርላ ቁፋሮ የተገኙት የባሕር ዛጎሎች በመካከለኛው ክፍለ ዘመን ከቀይ ባሕር በንግድ የመጡ ናቸው እንጂ ከተራራው ድንጋይ የወጡ አይደሉም።

ለመሆኑ «ጥቃቅን» የሚባሉት እስከ ስንት መጠን ያላቸው ናቸው?

ቋሚ ድንበር የለም፤ ብዙ አጥኚዎች ሙሉ ዕድገቱን ጨርሶ ከ5 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ጥቃቅን ይሉታል። ኦማሎጂሪዴ በተባለው አስተኔ (ተቀራራቢ ወገኖችን የያዘ የምደባ ደረጃ) ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር የማያልፉ አዋቂዎች አሉ። እነዚህ በባሕር ሕይወት ውስጥ ዳር የቆሙ አይደሉም፤ በኒው ካሌዶኒያ አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሰፊ ቆጠራ 2,738 የሞለስካ (ቀንድ አውጣና ዘመዶቹ ያሉበት ቡድን) ዝርያዎች ሲመዘገቡ፣ ከእነርሱ መካከል አንድ ሦስተኛው ከ4.1 ሚሊሜትር ያነሱ ነበሩ። በጥንቱ ባሕር ውስጥም የትንንሾቹ ድርሻ ትልቅ ነበር ብሎ መገመት ተገቢ ነው፤ ሰብሳቢዎች ትልልቁን ብቻ እየለቀሙ ትንሹን ስለሚተዉት ግን ስብስቦች ውስጥ ሲታይ ጥቂት ይመስላል።

ዋናው ችግር ትንሹን አዋቂ ከትልቅ ቀንድ አውጣ ሕፃን መለየት ነው። በብዙ ወገኖች አዋቂው ዕድገቱን ሲያቆም የአፉ ከንፈር ይወፍራል፣ ወደ ውጭ ይገለበጣል ወይም ከጀርባው ወፍራም ጉብታ ይሠራል፤ አንዳንዴም የመጨረሻው ዙር ከቀደሙት አቅጣጫ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከንፈሩ ስስና ስለታም ከሆነ ግን ዛጎሉ ገና እያደገ ሳለ የሞተ ሊሆን ስለሚችል «ጥቃቅን ዝርያ» ብሎ ከመጻፍ መቆጠብ ያስፈልጋል።

በእንስሳት ምደባ ውስጥ ቦታቸው የት ነው?

ስፍናቸው እንስሳት፣ ክፍለ ስፍናቸው ሞለስካ፣ መደባቸው ጋስትሮፖዳ ነው። ለዚህ መደብ ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። ከመደቡ በታች ያለው አከፋፈል ግን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1848 ሄንሪ ሚልን ኤድዋርድስ በዋናነት የመተንፈሻ አካልን አቀማመጥ መሠረት አድርጎ ያቀረበው የሦስት ቡድን ክፍፍል ከመቶ ዓመት በላይ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቆይቷል፤ ዛሬም በአሮጌ የትምህርት ማስታወሻዎች ውስጥ የሚገኘው እርሱ ነው። አሁን በስፋት የሚሠራበት ፊሊፕ ቡሼና ዣን ፒየር ሮክሯ እ.ኤ.አ. በ2005 አዘጋጅተው፣ በ2017 ከሌሎች ጋር ያሻሻሉት ምደባ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት ንዑስ መደቦቹ ፓቴሎጋስትሮፖዳ፣ ኒዮምፋሊዮኔስ፣ ቬቲጋስትሮፖዳ፣ ኔሪቲሞርፋ፣ ሴኖጋስትሮፖዳና ሄትሮብራንኪያ ናቸው።

ይህ ምደባ በአብዛኛው የቆመው በሕያዋን እንስሳት የሰውነት አሠራርና በዘረመል ማስረጃ ላይ ነው። ቅሪተ አካል ግን መተንፈሻም፣ የምላስ ጥርስም፣ ዘረመልም የለውም፤ የቀረው ዛጎሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የቅሪተ አካል አጥኚ ሥራ በሕያዋኑ ላይ ከሰውነት አሠራር ጋር አብረው የሚሄዱ የዛጎል ምልክቶችን መርጦ በጠፉት ላይ መፈለግ ነው። የትኛው ምልክት ታማኝ እንደሆነ የሚነግረን ሕያው ዘመዱ ነው።

ታዲያ ከዛጎሉ ክፍሎች ይበልጥ የሚታመነው የቱ ነው?

ጫፉ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው አጠቃላይ ቅርጹን ነው፤ ረጅም ነው፣ አጭር ነው፣ ክብ ነው ይላል። አጠቃላይ ቅርጽ ግን ከአኗኗር ጋር በቀላሉ ስለሚለዋወጥ ዝምድና የሌላቸውን ያመሳስላል። ቀንድ አውጣ ዛጎሉን ከጫፉ ጀምሮ እየጨመረ የሚሠራ እንስሳ በመሆኑ፣ በእንቁላል ውስጥና በእጭነቱ ዘመን የሠራው ዛጎል ዕድሜውን ሙሉ ጫፉ ላይ ይቀመጣል። መጠኑ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን የእንስሳውን አጀማመር ይዞ የቆየ ስለሆነ ከቀሪው ዛጎል ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

በዚህ ጫፍ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የዙሮቹ ብዛት ነው። መነሻው ኢምንት ሆኖ ከዚያ በኋላ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ የተጠጋጉ ዙሮች ካሉት፣ እጩ በፕላንክተን (በውኃ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) መካከል እየተመገበ በውኃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተንሳፍፎ የኖረ ነው። መነሻው ትልቅና ያበጠ፣ ዙሩም አንድ ወይም ከአንድ ጥቂት የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ እጩ በእንቁላሉ አስኳል ተመግቦ ቶሎ ወደ ባሕር ወለል የወረደ ነው። የቬቲጋስትሮፖዳ እጮች በባሕር ላይ እየተመገቡ ስለማያድጉ የጫፍ ዛጎላቸው አንድ ዙር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለ አራት ዙር የእጭ ዛጎል ያለውን ቀንድ አውጣ ከቬቲጋስትሮፖዳ መመደብ አይቻልም።

ሁለተኛው ጌጡ ነው። የእጩ ዛጎል ለስላሳ ሊሆን፣ በደቃቅ ነጠብጣብ ሊሸፈን፣ ወይም እርስ በርስ በሚቋረጡ ክሮች መረብ ሊመስል ይችላል። ይህ ጌጥ በሆነ ቦታ ላይ በድንገት ይቆምና የአዋቂው ጌጥ ይጀምራል። በመካከላቸው ያለው ጥርት ያለ መስመር እንስሳው መንሳፈፉን ትቶ ወለል ላይ ያረፈበት ቦታ ነው።

ሦስተኛውና ወሳኙ የጥምዝምዙ አቅጣጫ ነው። በሄትሮብራንኪያ ውስጥ የእጩ ዛጎል ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሆኖ ሳለ አዋቂው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ በዚህም ምክንያት የጫፉ ዘንግ ከአዋቂው ዘንግ ጋር አይገጥምም። በማጉያ ሲታይ ጫፉ በጎኑ የተኛ፣ አንዳንዴም ተገልብጦ በመጀመሪያው የአዋቂ ዙር ውስጥ ግማሹ የሰመጠ ይመስላል። በሴኖጋስትሮፖዳ ግን ጫፉም አዋቂውም በአንድ ዘንግና በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

የዚህን ጥቅም በጁራሲክ ዘመን ከነበሩ ሁለት አስተኔዎች ማየት ይቻላል። ፕሮሴሪቲዴ እና ማቲልዲዴ ሁለቱም ረዣዥምና ሾጣጣ፣ ቋሚ ጎድንና ዙሪያ ክር እየተቋረጡ በመረብ የሚሸፍኗቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ጫፋቸው ተሰብሮ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለመለየት ልምድ ያለውም ሰው ሊቸገር ይችላል። ጫፋቸው ካለ ግን የመጀመሪያው በሴኖጋስትሮፖዳ፣ ሁለተኛው በሄትሮብራንኪያ እንደሚመደቡ ወዲያው ይታወቃል፤ ይህም ማለት የሁለት የተለያዩ ንዑስ መደቦች አባላት ናቸው። ዛሬ በሕይወት ካሉትም መካከል ዩሊሚዴና ለስላሳዎቹ ፒራሚደሊዴ በተመሳሳይ ሁኔታ ያሳስታሉ፤ ሁለቱም በሌሎች የባሕር እንስሳት ላይ ጥገኛ ሆነው የሚኖሩ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሴኖጋስትሮፖዳ፣ ሁለተኛው ሄትሮብራንኪያ ነው።

ከጫፉ ቀጥሎ ምን ይታያል?

አፉ። ክብ ነው ወይስ ሞላላ? የታችኛው ጠርዙ ሙሉ ነው ወይስ የውኃ መሳቢያ ቱቦ የሚያርፍበት ቦይ አለው? ቦይ መኖሩ በሴኖጋስትሮፖዳ ውስጥ የብዙ ቡድኖች ምልክት ነው። በውጨኛው ከንፈር ላይ ጠባብ ስንጥቅ ካለና ከስንጥቁ ኋላ በየዙሩ የሚቀጥል የተዘጋ ሰቅ ከታየ፣ እንስሳው የተጠቀመበትን ውኃ ያስወጣበት የነበረው መንገድ ነው፤ ሲሱሬሊዴ የተባሉት ጥቃቅን ቬቲጋስትሮፖዳዎች በዚህ ይታወቃሉ።

ከአፉ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዙሮቹ ሁሉ የሚደገፉበት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ላይ ጥርስ የሚመስል እጥፋት መኖር አለመኖሩ፣ ቢኖር ብዛቱ፣ ወደ ውስጥ መቀጠሉ ይመዘገባል። ጁራሲክ ውስጥ በብዛት የሚገኙትና እስከ ክሪቴሺየስ (ከጁራሲክ የቀጠለው ዘመን) መጨረሻ የዘለቁት ኔሪኔያና ዘመዶቹ ከጥቃቅኖቹ ወገን ባይሆኑም በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ምሰሶውም፣ የውጨኛው ግድግዳም፣ አንዳንዴ ጣሪያውም እየተጣጠፈ የውስጡን ክፍት ቦታ እጅግ ያጠበዋል። ዙሮቹ በምሰሶው ዙሪያ ጥብቅ ካልሆኑ ከታች በኩል እምብርት የሚባል ጉድጓድ ይቀራል።

ጌጡን በተመለከተ ከጫፍ ወደ አፍ የሚወርዱትን ቋሚ ጎድኖች ዙሩን ተከትለው ከሚሄዱት ክሮች ለይቶ መቁጠር፣ በስንተኛው ዙር እንደሚጀምሩና እንደሚጠፉ መጻፍ ያስፈልጋል። የዕድገት መስመሮቹም ቀጥ ያሉ፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዘነበሉ መሆናቸው ይታያል፤ ከንፈሩ ቢሰበር እንኳ ቅርጹን ከእነዚህ መስመሮች መልሶ ማወቅ ይቻላልና። ክዳኑ አብሮ ተቀምጦ መገኘቱ ብርቅ ነው።

ወደ ግራ የተጠመዘዘ አገኘሁ፤ ልዩ ዝርያ ነውን?

ምናልባት፤ በትራይፎሪዴ ውስጥ አብዛኞቹ ግራኞች ናቸው። ነገር ግን መጀመሪያ የያዙት ነገር ዛጎሉ ራሱ ነው ወይስ ድንጋዩ ላይ የቀረው አሻራ የሚለውን ማረጋገጥ ይገባል፤ እንደ ማኅተም ሁሉ አሻራ የዋናውን ግልባጭ ያሳያልና። ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሲይዙት አፉ በቀኝ ከሆነ ቀኝ፣ በግራ ከሆነ ግራ ነው። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሳ ፎቶም እንዲሁ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ድንጋይ ውስጥ ያሉት ለምን ጥርት ብለው አይታዩም?

የቀንድ አውጣ ዛጎል በአብዛኛው የሚሠራው አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። አራጎናይት በመሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይጸናም፤ ውኃ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ይሟሟል ወይም ካልሳይት ወደሚባለው የተረጋጋ ዓይነት ይለወጣል። ዛጎሉ ሟሙቶ የቀረውን ክፍተት በኋላ ካልሳይት ሲሞላው፣ ቅርጹ ሳይጠፋ የውስጥ አሠራሩ ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሲሰበሩ በውስጣቸው የዛጎሉ የመጀመሪያ አሠራር ሳይሆን የሚያብለጨልጩ ጠርዛማ ቅንጣቶች የሚታዩት። በቬቲጋስትሮፖዳ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚታየው የዕንቁ ንጣፍ ለምደባ የሚጠቅም ምልክት ነበር፤ በዚህ ለውጥ ግን ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። በአንጻሩ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል የሆኑት የባሕር እንስሳት የኦይስተርና የብራኪዮፖድ ዛጎል ከመጀመሪያውም ካልሳይት ስለሆነ በዚያው ድንጋይ ውስጥ እነርሱ አምረው ቀንድ አውጣው ደብዝዞ ይገኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ዛጎሉ ጨርሶ ጠፍቶ በውስጡ ገብቶ የደረቀው ጭቃ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለው የውስጥ ሙሊት የዙሮቹን ብዛትና ውፍረት ያሳያል፤ የውጩን ጌጥ ግን አያሳይም። ስለዚህ ለስላሳ የሆነ ሁሉ ጌጥ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ኔሪቲሞርፋ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ብዙዎቹ የዚህ ቡድን አባላት ሲያድጉ የድሮ ዙሮቻቸውን የውስጥ ግድግዳ አሟሙተው ስለሚያስወግዱት ሙሊታቸው ጥምዝምዝነት የሌለው ድቡልቡል ነው።

ከድንጋዩ እንዴት ይወጣሉ?

ድንጋዩ ጭቃ የበዛበትና ለስላሳ ከሆነ በደንብ ደርቆ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲፈርስ 0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ በቀስታ ይታጠባል፤ የቀረው ደርቆ በማጉያ ሥር በርጥብ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ እየተነሳ ይለቀማል። የዱቄት ወንፊት ለልምምድ ሊያገለግል ይችላል፣ ተመልሶ ወደ ማድ ቤት ግን መግባት የለበትም።

ጠንካራውን የኖራ ድንጋይ ግን በመዶሻ መቀጥቀጥ ትርፉ ጫፍ አልባ ዛጎል ነው። ድንጋዩ የኖራ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ማድረግ የተለመደ ሙከራ ነው፤ አሲዱ ግን ዛጎሉንም ይበላልና ከቅሪተ አካሉ ራቅ ባለ ጥግ ላይ ብቻ ይደረግ። ለዘመናት በዝናብና በፀሐይ የተበላ የድንጋይ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከመዶሻ የተሻለ ያሳያል። ዛጎሉ ጠፍቶ አሻራው በጥሩ ሁኔታ ከቀረ ደግሞ አሻራውን በሲሊኮን ሞልቶ በማውጣት የውጩን ጌጥ በትክክለኛ አቅጣጫው ማግኘት ይቻላል።

በተወለወለ የወለል ድንጋይ ላይ የሚታዩት ክብ ክብ ነገሮችስ?

መቁረጫው ዛጎሉን እንዴት እንዳገኘው ይወስነዋል። በዘንጉ ልክ ከጫፍ እስከ ታች ከተቆረጠ፣ ምሰሶው በመሃል ቆሞ በግራና በቀኝ ከላይ ወደ ታች እየተለቁ የሚሄዱ ጥንድ ጥንድ ክፍሎች ይታያሉ፤ የግራው ክፍል ከቀኙ በግማሽ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ጥምዝምዙ እየወረደ ስለሚሄድ። በአግድም ከተቆረጠ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ይታያል። ከዘንጉ ወጣ ብሎ ከተቆረጠ ደግሞ ምሰሶው አይገኝም፤ እርስ በርስ የማይነካኩ ሞላላዎች በሰልፍ ይታያሉ፣ ይህንንም ብዙ ሰው የአከርካሪ አጥንት አድርጎ ያስበዋል። በዘንጉ ልክ በተቆረጠው ላይ የምሰሶ እጥፋት ጥርት ብሎ ስለሚታይ ለኔሪኔያ ወገን በጣም ይጠቅማል፤ ግራኝና ቀኝን ለመለየት ግን አይሆንም።

የድንጋዩን ዕድሜ በእነርሱ ማወቅ ይቻላል?

በጥቂቱ። ብዙ የቀንድ አውጣ ወገኖች ለረጅም ዘመን ብዙም ሳይለወጡ ስለሚቆዩ ለዕድሜ ፍለጋ አሞናይት፣ ፎራሚኒፌራና ብራኪዮፖድ ይመረጣሉ።

ያገኘሁት አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል፤ ከትንሽ ማስረጃ አዲስ ስም ማውጣት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት አዲስ ዝርያ የሚሰየመው መግለጫው ታትሞ፣ ስሙን የሚሸከመው ናሙናም ተለይቶ ሲታወቅ ነው፤ ናሙናው ሌሎች ሊያዩት በሚችሉት ተቋም ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል። ስያሜው የሚቆጠረው ስዊድናዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ ስለሆነ፣ አዲስ የመሰለው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ አገር ስም ወጥቶለት እንደሆነ መፈተሽ የግድ ነው። በጫፍ አልባና በተለወጠ ዛጎል ላይ የቆሙ ብዙ አሮጌ ስሞች ዛሬ ከምንም ጋር ሊነጻጸሩ የማይችሉ ሸክሞች ሆነዋል።

ስለዚህ ማስረጃው በሚፈቅደው ደረጃ መቆም ነውር የለውም። እንበል፣ 3 ሚሊሜትር ቁመት ያለው፣ ስድስት ዙር የሚቆጠርለት፣ ጎድንና ክር የሚታይበት፣ ጫፉ ግን የተሸረፈ ሾጣጣ ዛጎል ተገኘ። ፕሮሴሪቲዴ ሊሆን ይችላል፤ ማቲልዲዴም ሊሆን ይችላል። መደቡን ጽፎ፣ ሁለቱን አስተኔዎች በጥያቄ ምልክት አስቀምጦ መተው ትክክለኛው ምደባ ነው። ጫፉ በከፊል ቢኖር ወገኑን ጠቅሶ ዝርያውን ክፍት መተው ይቻላል። በድሬዳዋ ዓይነት ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ከአስተኔ በታች መውረድ የማይችሉ መሆናቸውን አስቀድሞ መቀበል ይሻላል፤ ወርዶ ሙሉ ስም የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጫፉን አይተኸዋል ወይ?» ተብሎ ነው።

ቆፍሬ መውሰድ እችላለሁ?

ለጥናት ወይም ለስብስብ መቆፈር ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። በግንባታ ወይም በድንጋይ ማውጣት ሥራ ላይ ያልተለመደ ነገር ከተገኘ ባለበት ትቶ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። ማየት፣ መለካትና ፎቶ ማንሳት ግን ድንጋዩን አይጎዳም።

ፎቶ ሳነሳና ስመዘግብ ምን ልያዝ?

የቦታው ስም ብቻ አይበቃም፤ በስልክ የተወሰደ የጂፒኤስ ነጥብና ከፍታ፣ የንጣፉ ቀለምና ጥንካሬ፣ ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ምን እንደሆነ፣ አብረው የታዩ ሌሎች ቅሪተ አካላት ይጻፉ። ፎቶው ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ይነሳ፤ ከአፉ በኩል፣ ከጀርባውና ከጫፉ በላይ። በየፎቶው ላይ በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ ይታይ፣ ሳንቲም አይተካውም። ብርሃኑ ከላይ በስተግራ በኩል ዝቅ ብሎ ቢመጣ ጎድንና ክሩ ጥላ ይሠራል፤ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ፎቶ ግን ጌጡን ሁሉ ያጠፋዋል። ቁመቱ ከጫፍ እስከ አፉ ግርጌ፣ ስፋቱ ከዘንጉ ጋር በአግድም ይለካል፤ ጫፉ ተሰብሮ ከሆነ ከቁመቱ ጎን «ጫፍ የለውም» ተብሎ ይጻፋል።